የእንቁጣጣሽ ጠጅ በምን ይከደን? የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ለእንቁጣጣሽ 120 ጠርሙስ ጠጅ አዘጋጅተን እንሸጣለን። ገቢው ለልጆቹ የአማርኛ ክፍል ኪራይ ይውላል። ከሣጥን 900 ዶላር ይወጣል። ጠርሙሶቹ በቆርኪ ይታሸጋሉ። አስተያየት እስከ እሑድ።

ፊደል፦ በቆርኪ? ቢራ ነው እንዴ የምንሸጠው?

ጸሐፊ፦ ቡሽ ለማለት ነው። ያው ነው።

ፊደል፦ ያው አይደለም። ቆርኪ የአምቦ ውሃ ነው። ቡሽ የወይን ነው። ይሄን ይዘን ጉባኤ ፊት ብንቆም ይሳቅብናል።

የጋራዡ ሰው፦ ጋራዤ ባዶ ነው። የቡሽ መምቻውንም እኔ እገዛለሁ። አታስቡ፣ አለሁ።

ጌሾ፦ ቡሹም ይቅር። የሚጠመዘዝ ክዳን ይሻላል። ቡሽ የዛፍ ቅርፊት ነው፤ አብዛኛው የሚመጣው ከፖርቹጋል ነው። ዛፉ አንዴ ከተላጠ እንደገና ለመላጥ 9 ዓመት ይፈልጋል። አንዳንዱ ቡሽ ደግሞ መጠጡን እርጥብ ካርቶን እርጥብ ካርቶን ያሸተዋል። በአውስትራሊያ የክሌር ሸለቆ ወይን ጠማቂዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ሪዝሊንግ የሚባለውን ነጭ ወይናቸውን በሚጠመዘዝ ክዳን ማሸግ የጀመሩት ወደው አይደለም። እነሱ ካላፈሩ እኛ ምን ያሳፍረናል?

የጋን እናት፦ ያሳፍራል እንጂ! ጠጅ እንደ ሳል ሽሮፕ ተጠምዝዞ ሊከፈት?

ፊደል፦ ሳል ሽሮፕ 😂 አበቃ።

ሾፌሩ፦ እትዬ ልክ ናቸው። ቡሽ ሲነቀል ድምፅ አለው። ድምፁ ራሱ ግብዣ ነው።

ጌሾ፦ ለድምፁ ነው ብር የምናወጣው?

ሾፌሩ፦ አንተ ሠርግህ ላይ ሻምፓኝ ያስከፈትከው ለምን ነበር?

ጌሾ፦ የኔን ሠርግ እዚህ ምን አመጣው?

ፊደል፦ የሳል ሽሮፑም ክዳን እኮ ሲጠመዘዝ ጠቅ ጠቅ ይላል። ያለ ድምፅ አይደለም።

የጋን እናት፦ አሹፉ። መለያው ላይም «ሲወስዱ በደንብ ይነቅንቁ» ብላችሁ ጻፉበት።

ገንዘብ ያዥ፦ ቁም ነገር እናውራ። የፋብሪካው ክዳን ሲመጣ ለስላሳ አሉሚኒየም ነው፣ ጥርስ የለውም። ማሽኑ ነው ጠርሙሱ አንገት ላይ ተጭኖ ጥርስ የሚያወጣለት። የማሽን መግዣ የለንም። ያገለገለውን ክዳን መልሶ ማጥበቅ ደግሞ አይታመንም። ያጠራቀምነው ጠርሙስም ግማሹ ጥርስ አለው፣ ግማሹ የለውም። የቆጠረ ሰው አለ?

የጋራዡ ሰው፦ ነገ እቆጥራለሁ።

ሊቀመንበር፦ የፋሲካውን ጉድ ማንም አያነሳም? ሦስት ጠርሙስ ነው መኪናዬ ውስጥ የፈነዳው። እስካሁን ንብ ይከተለኛል።

ጌሾ፦ ጋሼ፣ ያ የክዳን ጥፋት አልነበረም። ጠጁ ሳይበስል ታሸገ። ማሩ ገና እየፈላ ነበር። እርሾው ስኳሩን ሲበላ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ መውጫ ይፈልጋል። ቡሽ ከሆነ ቡሹ ተስፈንጥሮ ይሄዳል። ጥርቅም አድርገህ ከጠመዘዝከው ግን ጠርሙሱ ራሱ ይሄዳል።

ሾፌሩ፦ ስለዚህ ቡሽ ይሻላል እያልክ ነው?

ጌሾ፦ አላልኩም! ይብሰል ነው ያልኩት።

የጋን እናት፦ ያን ጠጅ የጣልኩት እኔ ነኝ። አልበሰለም ያልከው የኔን ነው? አንድ እጅ ማር፣ ሦስት እጅ ውሃ፣ ጌሾው ታጥቦ፣ ጋኑ በወይራ ታጥኖ። አንተ ጌሾን ከሻይ ቅጠል ሳትለይ እኔ ስጥል ነበር። «ቶሎ በሉ፣ በዓሉ ደረሰ» እያለ ከጋኑ ያስቀዳው ማን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ሊቀመንበር፦ እኔ ነኝ። ይብቃ።

ጌሾ፦ እትዬ ይቅርታ። ጠጁን አይደለም፣ ጥድፊያውን ነው።

የጋን እናት፦ ለጥድፊያው ከሆነ እሺ።

ገንዘብ ያዥ፦ ቡሽ ያለው ጠርሙስ ጋደም ብሎ ነው የሚቀመጠው፣ ቡሹ እንዳይደርቅ። የኛ ጠጅ ወር አይሞላውም፣ ያልቃል። ለዚህ ለዚህ ቡሹም ክዳኑም ቅንጦት ነው።

ነርሷ፦ ስብሰባ ስለማልመጣ ነው እንጂ፣ ቆይ፣ ሽጡ ያላችሁ ማን ነው? እዚህ አሜሪካ በፌዴራል ሕግ ሁለት አዋቂ ያለበት ቤት ለራሱ በዓመት እስከ 200 ጋሎን መጥመቅ ይችላል። ያለ ፈቃድ መሸጥ ግን ክልክል ነው።

ጸሐፊ፦ ይሄን አሁን ነው የምትነግሪን?

ነርሷ፦ የሳል ሽሮፑን ወሬ እስክትጨርሱ እየጠበቅኩ ነበር።

ሾፌሩ፦ እናድላ። ሰው የፈቀደውን ሣጥን ውስጥ ይጥላል።

ነርሷ፦ ያ ስሙን የቀየረ መሸጥ ነው።

የጋን እናት፦ ድሮም ጠርሙስ ምን በወጣው። ከጋኑ ይቀዳ፣ በብርሌ ይጠጣ።

ሊቀመንበር፦ ደገፍኩ። መኪናዬም ይደግፋል።

ፊደል፦ ብርሌ ከሆነ ከአዲስ አበባ ይምጣ። እዚህ የሚሸጠው አንገቱ አጭር ነው።

ሾፌሩ፦ ሻንጣ ውስጥ ስንቱ ተሰብሮ ሊደርስ? አጭሩ ምን አለው?

ፊደል፦ አጭር አንገት ያለው ብርሌ የአበባ ማስቀመጫ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ የልጆቹ ክፍል ኪራይስ?

ጌሾ፦ አጭሩ ቢያንስ ለማጠብ ይመቻል።

ጸሐፊ፦ የተሻሻለው ረቂቅ፦ 60 ብርሌ፣ ሁለት ጋን፣ ጠጅ በነጻ። ከሣጥን 900 ዶላር። የአንገቱ ርዝመት እሑድ በድምፅ ይወሰናል።

ገንዘብ ያዥ፦ 900 አይደለም፣ 815 ነው የቀረው። ለቡሽ መምቻ 85 ወስዷል። የጋራዡ ሰው ስልክ አያነሳም። ቤቱን የሚያውቅ አለ?