አስቸኳይ! ፎቶዎቹን ወደ ዌብፒ ቀይሬ ግማሹ ጠፋብኝ

የቱሉ ዲምቱ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ የምታውቁ ቶሎ ድረሱልኝ። የአጎቴ ፈርኒቸር ቤት ዌብሳይት ላይ 38 ፎቶ አለ። ደንበኞች «አይከፍትም፣ ፓኬጃችንን ጨረሰው» እያሉ አስቸገሩን። ዛሬ የሁሉንም የፋይል ዓይነት ከጄፒጂ ወደ ዌብፒ ቀየርኩ፣ ያንሳል ሲባል ሰምቼ። ላፕቶፔ ላይ አንድም ሳይቀር ይታያል። ሰርቨር ላይ ስጭነው ግን ግማሹ የለም። ከታዩትም ሁለት ሶፋና አንድ ቁምሳጥን በጎናቸው ተጋድመዋል። ነገ ጠዋት ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ቁልፍ የተረከቡ ሰዎች ሊያዩት ነው፤ አጎቴ ሊንኩን ልኮላቸዋል። መብራቱም መጣ ሄደ እያለ ነው። ምን ላድርግ?

ዳታ አለቀ፦
ካሽ አጥፋ።

የቱሉ ዲምቱ ልጅ፦
ብራውዘሩ ያስቀመጠውን አሮጌ ቅጂ አጥፍቻለሁ። በሌላ ስልክም አየሁት፣ ያው ነው።

ጋሼ ፒክስል፦
ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ጄፒጂ በ1992 የወጣ መስፈርት ነው። ዌብፒን ጉግል ያስተዋወቀው በ2010 ሲሆን ቪፒ8 ከሚባል የቪዲዮ መጭመቂያ የተወሰደ ነው። ፎቶህን የአንድ ቪዲዮ አንድ ፍሬም አድርጎ ያጭቀዋል ማለት ነው። ጉግል ራሱ በእኩል ጥራት ከጄፒጂ ከ25 እስከ 34 በመቶ ያንሳል ይላል። ኤቪአይኤፍ የሚባል ሌላ የፎቶ ፎርማት ደግሞ በ2019 መጣ፤ እሱም ኤቪ1 ከሚባል የቪዲዮ መጭመቂያ የተወለደ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዌብፒም ያንሳል። እኔ ብሆን በቀጥታ ወደ ኤቪአይኤፍ ነበር የምሄደው። የዛሬ ልጆች ግን መሠረቱን ሳታውቁ...

ቡና በጨው፦
ጋሼ፣ 1992 በእኛ ነው በፈረንጅ? በእኛ ከሆነ እኔና ጄፒጂ እኩያ ነን።

ሰንዳፋ ማዶ፦
በፈረንጅ ነው። ኤቪአይኤፍ ደግሞ ሲቀይር ቀርፋፋ ነው። በአሮጌ ላፕቶፕ 38 ፎቶ ቀይሮ ሳይጨርስ መብራት ይሄድበታል። ተዉት ልጁን።

እህተ ኮድ፦
እኔ ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። ከባድ ያደረገው ጄፒጂ ነው ያለህ ማነው? ፎቶዎቹ በፒክስል ስንት በስንት ናቸው?

የቱሉ ዲምቱ ልጅ፦
4000 በ3000። ግማሹ በስልኬ የተነሳ ነው፣ ግማሹ ከጓደኛዬ በተዋስኩት ካሜራ። እያንዳንዱ 5 ሜጋ አካባቢ ነበር፣ አሁን ወደ 3 ወርዷል።

እህተ ኮድ፦
በቃ፣ እዚህ ላይ ነው ችግሩ። 3 ሜጋ በ38 አባዛው፤ ገጹ አሁንም ከ110 ሜጋ በላይ ነው። ሰው በስልኩ የሚያየው ሶፋ 4000 ፒክስል ምን ያደርግለታል? ወርዱን 1200 አድርገው። የፒክስሉ ብዛት ከ11 ወደ 1 ይወርዳል። ከዚያ በዌብፒ በጥራት 75 ወይም 80 ስታወጣው 150 ኪሎባይት አካባቢ ታገኘዋለህ። መጀመሪያ መጠን፣ ፎርማቱ ቀጥሎ። ከታች ያሉትንም ሰው ወርዶ ሲደርስባቸው ብቻ እንዲጫኑ ሌዚ ሎዲንግ አድርግላቸው፤ በገጹ ኮድ፣ በኤችቲኤምኤሉ፣ አንዲት ቃል መጨመር ነው።

ዳታ አለቀ፦
ካሹን በደንብ አጥፋው እንጂ።

የለገጣፎው፦
ወንድሜ፣ ዌብሳይት ለምን አስፈለገህ? ቴሌግራም ቻናል ክፈት። ፎቶ ስትልክ ራሱ ያሳንሰዋል፣ እንደ ፋይል ካልላክኸው በቀር። የኔ ደንበኛ ሁሉ እዚያ ነው።

የቱሉ ዲምቱ ልጅ፦
ቻናልማ አለን። አጎቴ ግን «ዌብሳይት ያለው ነው ትልቅ ድርጅት የሚመስለው» ብሎ ድርቅ አለ። ደግሞ እሱ ስልክ ላይ አንዱም ፎቶ አይታይም፣ እየጮኸብኝ ነው።

እህተ ኮድ፦
አንዱም? ስልኩ ምንድነው?

የቱሉ ዲምቱ ልጅ፦
አይፎን 6።

እህተ ኮድ፦
እሱን ቀድመህ ብትነግረን ምን ነበረበት! አይፎን ዌብፒ የሚያነበው ሲስተሙ ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ ሲሆን ነው። 6 ደግሞ ከ12 አያልፍም። ለእሱ ስትል ጄፒጂውንም ከጎኑ አስቀምጥ። ኤችቲኤምኤል ላይ «ፒክቸር» የሚባል ታግ አለ፤ ዌብፒ የሚችለው ዌብፒውን ይወስዳል፣ የማይችለው ጄፒጂውን።

የቱሉ ዲምቱ ልጅ፦
ጄፒጂዎቹን አጥፍቻቸዋለሁ። ቦታ ያዙብኝ።

ቡና በጨው፦
የአናጢ ዘመድ ሆነህ ሳትለካ ትቆርጣለህ?

ጋሼ ፒክስል፦
ልጄ፣ ኦሪጅናል አይጠፋም! ዌብፒውን መልሰህ ጄፒጂ ብታደርገው ጥራቱ ሁለቴ ይጎዳል። የካሜራው ካርድ የት ነው?

የቱሉ ዲምቱ ልጅ፦
ጓደኛዬ ጋ፣ ሰበታ። አሁን ብደውልለት ተኝቷል። በስልኬ ያነሳኋቸው ግን ስልኬ ላይ አሉ ጋሼ፣ አይቆጡ።

ሰንዳፋ ማዶ፦
የጠፉት የካሜራዎቹ ናቸው አይደል? ስማቸው በትልቅ ፊደል ነው የሚጀምረው? አንተስ ኤችቲኤምኤሉ ላይ በትንሽ ፊደል ነው የጻፍከው? ዊንዶውስ ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም፤ ለዚህ ነው ላፕቶፕህ ላይ የሚሠራው። ዌብሳይቱ ያለበት ሰርቨር ግን ሊኑክስ በሚባል ሲስተም ነው የሚሠራው፣ ለእሱ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው። ሁሉንም በትንሽ ፊደል ሰይምና መልሰህ ጫን።

ዳታ አለቀ፦
እሱን ካደረግክ በኋላ ካሽ አጥፋ።

ሰንዳፋ ማዶ፦
አሁን እንኳ ልክ ነህ።

እህተ ኮድ፦
የተጋደሙት ደግሞ ስልክህን አቁመህ ያነሳሃቸው ይሆናሉ። ስልኩ ፎቶውን አያዞረውም፤ «ሲታይ አዙረው» የሚል ማስታወሻ ብቻ ፋይሉ ውስጥ ይጽፋል። ዌብፒ ያደረግክበት መሣሪያ ማስታወሻውን ጥሎታል። ስለዚህ ስልክህ ላይ ካለው ኦሪጅናል እንደገና ጀምር። አንድ በአንድ ከሆነ ስኩሽ የሚባለውን የፎቶ ማሳነሻ ድረ ገጽ በብራውዘርህ ክፈት፤ ማሳነሱንም መቀየሩንም እዚያው ይጨርሳል፣ ፎቶውም ከማሽንህ አይወጣም። 38ቱንም ባንዴ ካልክ ኢሜጅማጂክ የሚባለው ፕሮግራም ይሻላል፤ «አውቶ ኦሪየንት» የሚለውን ማዘዝ እንዳትረሳ። በነገራችን ላይ ማስታወሻው መውደቁ አንድ ጥቅም አለው። የስልክህ ካሜራ ቦታ መዝጋቢ ክፍት ከነበረ፣ ፎቶው የተነሳበት ቤት የት እንደሆነም እዚያው ውስጥ ነው ያለው።

ቡና በጨው፦
እኔ እንኳ የተጋደመው ሶፋ ሊያርፍ የፈለገ መስሎኝ ነበር።

የቱሉ ዲምቱ ልጅ፦
ስሙን ቀየርኩ፣ የካሜራዎቹ መጡ!!! ሰንዳፋ ማዶ ዕድሜ ይስጥህ። አሁን ማሳነሱን ልጀምር ነው። እህቴ፣ ጥራት 75 ብዬ የእንጨቱ መልክ ቢደበዝዝስ? ዋንዛው ላይ ያሉት መስመሮች እንዲታዩ ነው አጎቴ የሚፈ

እህተ ኮድ፦
ለዋንዛው 85 አድርገው። ሌላውን በ75 ተወው፤ በተለይ ልሙጡን ነጭ ቁምሳጥን።

ሰንዳፋ ማዶ፦
መብራት ሄደበት መሰለኝ።

ጋሼ ፒክስል፦
ልጄ፣ ተሳካ ወይ? ጠዋት አሳውቀን።

የለገጣፎው፦
ሁለት ቀን ሆነው እኮ። ለመሆኑ ያ የተጋደመው ሶፋ ዋጋው ስንት ነው?

ቡና በጨው፦
በውስጥ መስመር።