ጥቆማ፦ የኩሬ ዓሣ ወይስ የሐይቅ ዓሣ? አዲስ አበባ ውስጥ የት ይገዛል?

የሳሪስ እናት፦ ሰላም ለእናንተ። ለልጆቼ ቆሮሶ (ቲላፒያ) መግዛት እፈልጋለሁ። አንዱ ሻጭ በኩሬ የረባ ያቀርባል፤ ሌላው ከዝዋይ የመጣ ነው ይላል። በኬሚካልም በባክቴሪያም የሚያሰጋው የትኛው ነው? የምታምኑትን ሻጭ ጠቁሙኝ።

ነጋ ጠባ፦ ቄራ አካባቢ ካለው ደንበኛዬ ይግዙ። አባቴም የሚገዛው ከእርሱ ነበር።

የሳሪስ እናት፦ እናመሰግናለን። ዓሣው ከየት ነው የሚመጣው?

ነጋ ጠባ፦ ጠይቄው አላውቅም። ሰውየው ግን ጨዋ ነው።

ባይተዋር፦ ዓሣ አታንሱብኝ! ሐይቅ ዳር ጥሬውን በዳጣ በልቼ ሳምንቱን ሙሉ ከአልጋ አልወረድኩም። ምግብ ቤቱ «ሎሚ ጨምቀንበታል፣ አይዞህ» ብሎኝ ነበር።

አዛውንቱ፦ ሎሚው ዶክተር መሆኑን አላወቅንም ነበር።

ወለተ ማርያም፦ የትኛው ምግብ ቤት ነው? እኛም በበዓል ልንሄድ ነበር።

ባይተዋር፦ ስሙን አልጠራም። ሂሳቡን ግን አስከፍለውኛል።

የኩሬ ጎረቤት፦ ወደ ጥያቄው እንመለስ፤ እኅቴ፣ ኩሬ ሁሉ አንድ አይደለም። የዶሮ ኩስ ለማዳበሪያ የሚጨመርበት ኩሬ ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊይዝ ስለሚችል ውሃው ከየት እንደሚመጣና መኖው ምን እንደሆነ ይጠይቁ። የሻገተ መኖም አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ያመጣል። ሐይቅ ስለሆነ ብቻ ንጹሕ ነው ማለትም አይደለም፤ በሐዋሳ ሐይቅ ቢልጫ በሚባለው ዓሣ፣ በትልልቆቹ ውስጥ፣ ተመራማሪዎች ሜርኩሪ የሚባል መርዛማ ብረት በከፍተኛ መጠን አግኝተዋል። ቢልጫ ሌላ ዓሣ ስለሚበላ የእነርሱ ሜርኩሪ ይጠራቀምበታል፤ ቆሮሶ ግን በአብዛኛው አልጌ በል ስለሆነ ሜርኩሪው አነስተኛ ነው። ስንጥቡ ቀይ፣ ዐይኑ ጎላ ያለ፣ በበረዶ የተቀመጠ ይምረጡ። መሐሉ እስከ 63 ዲግሪ ይብሰል። ፍሪዘር ውስጥ ለቀናት በደንብ በረዶ ማድረግ የዓሣ ትልን ይገድላል እንጂ ባክቴሪያን ያስተኛል ብቻ።

ከአሌክሳንድሪያ፦ እዚህ አሜሪካ በ2007 ከቻይና የሚገቡ የእርባታ ሽሪምፕ፣ አምባዛ፣ እንዲሁም ባሳ፣ ዴስና ኢል የሚባሉ ዓሦች በየመግቢያው ተይዘው፣ ከመድኃኒት ቅሪት ነጻ መሆናቸው ሳይረጋገጥ እንዳያልፉ ተደርጎ ነበር። የተገኘባቸው ፀረ ተሕዋስያንና ማላካይት ግሪን የሚባል ማቅለሚያ ነው። ቆሮሶ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። እኔ ግን አሁንም የማሸጊያውን ጽሑፍ ሳላነብ አልገዛም።

ነጋ ጠባ፦ የእኔ ደንበኛ ማሸጊያ አያውቅም፤ በጋዜጣ ጠቅልሎ ነው የሚሰጥ።

አዛውንቱ፦ ይኸውልዎት፣ የሚነበብ ጽሑፍ ተገኘ።

ወለተ ማርያም፦ ለመሆኑ ዓሣ በጾም ይበላል?

ዘካርያስ፦ ይበላል።

ባይተዋር፦ አይበላም። እናቴ ቤት በዐቢይ ጾም ዓሣ ገብቶ አያውቅም።

የኩሬ ጎረቤት፦ ይህን ለንስሐ አባቶቻችሁ ተዉት። እኅቴ፣ የኩሬውን ሻጭ ጠየቁት?

ዘካርያስ፦ የቄራው ሰው አምባዛም አለው? ፊሌቶ አድርጎ ይሰጣል?

ነጋ ጠባ፦ ማለዳ ከሄዱ ሁሉም አለው። ከእኔ ዘንድ እንደመጡ ይንገሩት።