4294967297 ፕራይም ነው ወይስ አይደለም? ኮዴ ነው ይላል ጓደኛዬ አይደለም ይላል

ጥያቄ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ፣ እስኪ አንዴ እዩልኝ። ፓይተን እየተማርኩ ነው እና ቁጥር ፕራይም መሆኑን የሚያጣራ ኮድ ጻፍኩ፣ 2 ከቁጥሩ በ1 ላነሰ ፓወር ተነስቶ ለቁጥሩ ሲካፈል ቀሪው 1 ከሆነ ፕራይም ነው ይላል። 7፣ 13፣ 101 ምናምን ሞክሬ ሁሉንም በትክክል መለሰ፣ 4294967297 ሳስገባ ግን ፕራይም ነው አለኝ፣ ጓደኛዬ ደግሞ በፍጹም አይደለም ብሎ ድርቅ አለ። በእጄ እስከ 100 ሞክሬ ለምንም አይካፈልም። ነገ አሳይመንቱን አስረክባለሁ፣ ማናችን ነን ልክ?

መልስ 1፦
ጓደኛህ። ለ641 አካፍለው፣ 6700417 ይወጣል ቀሪ የለውም። 100 ላይ ማቆም አልነበረብህም፣ ስኩዌር ሩቱ 65536 አካባቢ ነው እስከዚያ መሄድ አለብህ።

ጠያቂው፦
ወንድሜ እግዜር ይስጥህ፣ አሁን አካፈልኩት ልክ ነህ። ግን 641ን ከየት አመጣኸው? ኮዴስ ለምን ተሳሳተ?

መልስ 2፦
ሂሳብ አስተምራለሁ፣ ይሄን ቁጥር በጣም ነው የምወደው። 2 ለ32 ፓወር ተነስቶ 1 ሲደመርበት ነው። ፌርማ የሚባለው ፈረንሳዊ በ1640 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65537 ሁሉም ፕራይም ስለሆኑ ከነሱ ቀጥሎ የሚመጣውም እንደዛው ነው ብሎ ገመተ፣ ቀጣዩ ያንተ ቁጥር ነው ልጄ፣ ግምቱን ያፈረሰው ኦይለር ነው በ1732። ለ65536 ቁጥር ማካፈል አያስፈልግም፣ ይሄን ቁጥር የሚያካፍል ፕራይም ለ64 ሲካፈል የግድ 1 ይተርፈዋል። እንደዛ ያሉ ፕራይሞች 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 እያሉ ይሄዳሉ፣ አምስተኛው ላይ አገኘኸው ማለት ነው። በወረቀት ይሰራል ሞክረው።

መልስ 3፦
ኮዱ የተሳሳተው 2ን ስለተጠቀምክ ነው። 2 ለ32 ሲነሳ ከቁጥርህ በ1 ስለሚያንስ እንደ ቀሪ -1 ነው፣ ለ64 ሲነሳ 1 ይሆናል፣ አንተ የምታነሳበት ፓወር ደግሞ 4294967296 ስለሆነ የ64 ብዜት ነው ስለዚህ ሁሌም 1 ይመጣል። የፌርማ ቁጥሮች በሙሉ 2ን ያታልሉታል። 341ንም አስገባው፣ 11 × 31 ሆኖ ሳለ ያልፋል።

ጠያቂው፦
2ን በ3 ቀየርኩት፣ አሁን ፕራይም አይደለም አለ!! በዚሁ ላስረክብ?

መልስ 3፦
ቆይ፣ መጀመሪያ 91ን አስገባ።

መልስ 4፦
በሲ ፕላስ ፕላስ የምትሞክሩ ካላችሁ ተጠንቀቁ፣ በ32 ቢት ውስጥ የሚገባው ትልቁ ቁጥር 4294967295 ነው፣ ይሄ ቁጥር ዞሮ 1 ይሆንና ኮዱ የሚፈትሸው 1ን ነው። እኔ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል፣ 64 ቢት አድርጉት።

ጠያቂው፦
91 ፕራይም ነው አለኝ 7 × 13 እያለ። ፓወሩን ትቼ እስከ ስኩዌር ሩቱ የሚያካፍል ሉፕ ጻፍኩ፣ ወዲያው 641 ላይ ቆመ።