በካሴት የተቀዱ የጥቁር አሜሪካውያን ሠራተኞች ትዝታ፦ የጽሑፍ ግልባጩ ካለ ድምፁ ለምን ያስፈልጋል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሜሪካ ነው፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን በአንድ የሠራተኞች ማኅበር ጽሕፈት ቤት መዛግብት በማስተካከል በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። ባለፈው ወር ከመጋዘን ባወጣሁት ካርቶን ውስጥ በ1980ዎቹ የተቀዱ 43 ካሴቶች አገኘሁ (ዓመታቱን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ተራኪዎቹ በቆሻሻ ማንሳት፣ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ቤትና በባቡር መኝታ ክፍል አስተናጋጅነት ያገለገሉ ጥቁር አሜሪካውያን ሲሆኑ፣ ስለ ደመወዝ አድልዎ፣ ስለ አድማና ለመምረጥ ሲመዘገቡ ስለደረሰባቸው ነገር ይናገራሉ። አብዛኞቹ ካሴቶች በጊዜው በታይፕ የተመታ ግልባጭ አላቸው፤ የፈቃድ ወረቀት ግን ያገኘሁት ለዘጠኙ ብቻ ነው።

ኃላፊዎቹ ግልባጩ ታርሞ እንዲታተምና ካሴቶቹ እንዲወገዱ ይፈልጋሉ። እኔን የከነከነኝ ግን አንድ ቦታ አለ። በቆሻሻ መኪና ላይ ለዓመታት የሠሩ አዛውንት «ያኔ አልፈሩም?» ተብለው ሲጠየቁ፣ በካሴቱ ላይ መጀመሪያ ረጅም ሳቅ፣ ቀጥሎ የወንበር መንቋቋት፣ ከዚያም እኔው ራሴ ቴፑ የቆመ እስኪመስለኝ ድረስ ዝምታ ይሰማል፤ በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አልፈራሁም» ይላሉ። በግልባጩ ላይ የሰፈረው «አልፈራሁም» የሚለው ቃል ብቻ ነው። ካሴቶቹ እንዲቆዩ ምን ብዬ ልከራከር? ፈቃድ የሌላቸውንስ ምን ላድርግ?

አንደኛ መልስ

ለኃላፊዎቹ በባርነት የኖሩትን የሱዛን ሐምሊንን ጉዳይ ያንሱላቸው። ከ1936 እስከ 1938 የአሜሪካ መንግሥት ሥራ ያጡ ጸሐፊዎችን ቀጥሮ ከቀድሞ ባሪያዎች ከ2,300 በላይ ትረካዎችን አሰባስቦ ነበር፤ ስብስቡ ዛሬ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። አብዛኛው በእጅ ማስታወሻ የተወሰደ ነው፤ ጠያቂዎቹም በብዛት ነጮች ነበሩ። ሱዛን ሐምሊንን በቻርልስተን ከተማ ሁለት ሰዎች በተለያየ ጊዜ አነጋግረዋቸዋል። ነጭ ለነበረችው ጠያቂ፣ እርሷንም ከእርዳታ መሥሪያ ቤት የመጣች መስላቸው፣ ስለ ጌታቸው ደግነት ነገሯት፤ ጥቁር ለነበረው ጠያቂ ግን ስለ ግርፋቱና ዘመድ ከዘመድ ተነጥሎ ሲሸጥ ይሰማ ስለነበረው ጩኸት ተረኩለት። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያነበበ ሰው ስለ ባርነት የሚይዘው ሐሳብ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ከተራኪው ስም ባልተናነሰ ጠያቂው ማን እንደነበረ፣ የት እንደተቀመጡና ሌላ ማን ይሰማ እንደነበር አብሮ መመዝገብ አለበት፤ እርስዎ ካርቶን ውስጥ ያለው ግልባጭ ይህን ሁሉ አስቀርቶታል ብዬ እጠረጥራለሁ።

ሁለተኛው ስጋቴ «እርማት» የሚሉት ነገር ነው። የባቡር አስተናጋጆቹ «ጆርጅ» የሚል ስም ደጋግመው ሲያነሱ ከሰሙ የአንድ ሰው ስም አይምሰልዎት፤ የቀጠራቸው የመኝታ ባቡር ኩባንያ መሥራች ጆርጅ ፑልማን ስለነበር ተሳፋሪዎች አስተናጋጁን ሁሉ በዚያ ስም ይጠሩት ነበር። ይህን የማያውቅ አራሚ የስም ማውጫ ውስጥ አስገብቶት ያርፋል። ካሴቶቹንም «የሥራ» እና «የመብት ትግል» ብለው ለሁለት እንዳይከፍሏቸው አደራ እላለሁ። የአስተናጋጆቹ ማኅበር በ1925 ተቋቁሞ ከኩባንያው ጋር ውል የተፈራረመው በ1937 ነው፤ በ1955 በሞንትጎመሪ ከተማ የዘር መለያየትን በመቃወም በአውቶቡስ ያለመሳፈር አድማ እንዲጀመር ካደረጉት አንዱ ኢ. ዲ. ኒክሰን የዚሁ ማኅበር ሰው ነበሩ። በ1968ቱ የሜምፊስ አድማም ሁለት የቆሻሻ ሠራተኞች በመኪናው መጭመቂያ ተይዘው ከሞቱ በኋላ 1,300 ያህል ሠራተኞች የወጡት በአንድ በኩል ለደመወዝ፣ በሌላ በኩል «እኔ ሰው ነኝ» ለማለት ነው። የትኛው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡታል?

ሁለተኛ መልስ

እኔ የድምፅ ባለሙያ ስለሆንኩ በዚያው ልወሰን። ዛሬውኑ በእያንዳንዱ ካሴት የጀርባ ጠርዝ ላይ ያሉትን ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ይስበሩ፤ ያኔ በስህተት የመቅጃ ቁልፍ ቢጫን እንኳ ድምፁ አይጠፋም። ወደ ኮምፒውተር ፋይል እስኪገለበጡ ድረስ ደጋግመው አያጫውቷቸው። ሲገለበጡም ድምፁን ጨምቆ በሚያሳንሰው ኤምፒ3 ሳይሆን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው ዌቭ ፋይል፣ በ24 ቢትና በ96 ኪሎኸርትዝ ይሁን፤ የ90 ደቂቃ ካሴት በስቴሪዮ 3 ጊጋባይት ገደማ ይወጣዋል፣ በዛሬ ዋጋ ይህ ቁም ነገር አይደለም። የካሴት ጫጫታ እናጽዳ የሚል ቢመጣ በቅጂው ላይ ይሥራ እንጂ ዋናውን አይንካ፤ የወንበሩን መንቋቋት መጀመሪያ የሚያጠፋው እንዲህ ያለው ማጽጃ ነው።

ግልባጩን እንደገና በኮምፒውተር ለማሠራት ካሰቡም ይጠንቀቁ። በ2020 የወጣ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ጥናት የአምስት ታላላቅ ኩባንያዎችን ንግግር ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ ሥርዓቶች ፈትሾ፣ አማካይ የቃላት ስህተታቸው በነጭ ተናጋሪዎች 19 ከመቶ ሲሆን በጥቁር ተናጋሪዎች 35 ከመቶ መድረሱን አሳይቷል። በጆሮ የሚያመሳክር ሰው የግድ ያስፈልጋል፤ ቢቻል አነጋገሩን የሚያውቅ የዚያው አካባቢ ሰው ቢሆን ይመረጣል።

ሦስተኛ መልስ

ስለ ፈቃዱ፦ ካሴቱን መጠበቅና ለሕዝብ መልቀቅ የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው። ዲጂታል ቅጂ አድርጎ ለማስቀመጥ አይዘግዩ፤ ለመልቀቅ ግን አይቸኩሉ። ዘጠኙ ሰዎች በ1980ዎቹ ሲፈርሙ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጦ የሚሰማ ተማሪ እንጂ ኢንተርኔት አልታያቸውም፤ ስለዚህ የፈረሙትንም ቢሆን ቤተሰባቸውን አነጋግሩ። የጡረተኞች መዝገብና የየሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ጥሩ መነሻ ይሆናሉ። አድማ የሰበሩ ሰዎች በስም የተጠሩበት ቦታ ካለ፣ ልጆቻቸው አሁንም እዚያው ሊኖሩ እንደሚችሉ ያስቡ።

ልትጠብቁት የማትችሉትን ቃልም አትግቡ። ቦስተን ኮሌጅ ስለ ሰሜን አየርላንድ ግጭት ላስቀዳቸው ሰዎች በሕይወት ሳሉ ቃላቸው እንደማይወጣ ነግሯቸው ነበር፤ በ2011 ቅጂዎቹን እንዲያስረክብ የሚያዝ የፍርድ ቤት መጥሪያ ሲመጣ ግን ያ ቃል አልጠበቃቸውም።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የ43ቱንም ጥርሶች ሰብሬያለሁ። አንደኛው መልስ ጠያቂው ማን እንደነበረ ፈልግ ስላለኝ ወረቀቱን ሁሉ ባገላብጥ ምንም አላገኘሁም፤ ሆኖም ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ ካሴቶች የአንዱን መጨረሻ ለአንድ ጊዜ ብቻ ብዬ ሳዳምጥ፣ ቃለ መጠይቁ አልቆ ስኒ እየተነሳ ሳለ ሴትዮዋ ጠያቂውን «ልጄ፣ እናትህም እኮ ከእኔው ጋር ነበረች ልብስ የምትተኩሰው» ይሉታል። ግልባጩ ከዚያ ሁለት ደቂቃ ቀድሞ «ተፈጸመ» ብሎ ያበቃል።