ትምህርት ቤቱ ከ10 ያገኘው 4 ነው፤ ልጄን ላስገባት?

የሁለት ልጆች እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤት ልንቀይር ነው፤ አዲሱ ሰፈር ያለው የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን አስጨንቆኛል። ኢንተርኔት ላይ ሳየው ከ10 የተሰጠው 4 ነው። በንባብም በሒሳብም ለክፍላቸው የሚጠበቀውን ያሟሉት ልጆች ከግማሽ በታች ናቸው። ወረድ ሲል ደግሞ የተማሪዎቹ ዘር፣ የቤተሰብ ገቢ፣ እንግሊዝኛ ገና የሚማሩት ብዛት ተዘርዝሯል። አብዛኛው ልጅ ነፃ ምሳ የሚበላ ነው፣ ቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚናገረውም ብዙ ነው። ባለቤቴ "እንደኛ ያሉ ሰዎች ልጆች ናቸው፣ ምን ያስፈራሻል?" ይለኛል። እኔ ግን አሜሪካ የመጣሁት ለልጆቼ ትምህርት ብዬ ነው፣ ያንን 4 ካየሁ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ትልቋ ሦስተኛ ክፍል ትገባለች፣ ቤት የምናወራው አማርኛ ነው። የገባው ሰው ካለ እባካችሁ አስረዱኝ።

ሌሊት ሹፌር፦
እህቴ፣ ነጥቡን ቸል አትበዪ። የኔ ልጅ ዝቅ ያለ ነጥብ ያለው ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ተምሯል። ወደ ቤት የሚመጣው ወረቀት ጥሩ ነው ይላል፣ ልጁ ግን ማንበብ አይችልም ነበር። በአንድ ዓመት ሦስት አስተማሪ ተቀያየረበት፣ እኛም የሰማነው ከረፈደ ነው። አቅሙ ካላችሁ ሌላ ሰፈር ፈልጉ። እስካሁን ስለሚያንገበግበኝ ነው የምነግርሽ።

ክፍል ውስጥ የምውል፦
ወንድሜ፣ የልጅህ ነገር በጣም ያሳዝናል። ግን ልጁን የጎዳው የአስተማሪዎቹ መለዋወጥና ማንም ሳይነግራችሁ መቅረቱ ነው። ይሄ ደግሞ 8 ያገኘ ትምህርት ቤት ውስጥም ይደርሳል፣ እዚያ ብዙ ቤተሰብ አስጠኚ ስለሚቀጥር ውጤቱ ላይ ቶሎ አይታይም።

እህቴ፣ እኔ አንደኛ ደረጃ ረዳት አስተማሪ ነኝ፣ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልርዘም። የፌዴራሉ ሕግ ልጆች ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በየዓመቱ ንባብና ሒሳብ ይፈተኑ ይላል። አምስተኛ ክፍል ላይ በሚያበቃ ትምህርት ቤት የሚፈተኑት ሦስት ክፍሎች ብቻ ናቸው ማለት ነው። ልጅ ደግሞ ሦስተኛ ክፍል ሲደርስ ስምንት ዓመቱ ነው። ከዚያ ውስጥ አምስቱን ያሳለፈው ቤቱ ነው፣ ፈተናው ያንንም አብሮ ይለካል። ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፣ በ1966 የወጣው የኮልማን ሪፖርት የውጤት ልዩነትን ከትምህርት ቤቱ ንብረት ይልቅ የቤተሰብ ሁኔታ እንደሚያብራራው ጽፏል። በቅርብ ዓመታትም የስታንፎርድ ተመራማሪዎች የመላ አገሪቱን ፈተና ሰብስበው ሲያዩት፣ አማካይ ውጤት ከቤተሰብ ገቢ ጋር በጣም ተያይዞ ይሄዳል፣ ልጆቹ ከዓመት ዓመት የሚያሳዩት እድገት ግን ከገቢ ጋር ያለው ዝምድና በጣም የላላ ነው። እና አንቺ የምትፈልጊው እድገቱን ነው። ስቴቱ በየዓመቱ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ሪፖርት ካርድ ያወጣል፣ እዚያ ላይ "ግሮውዝ" የሚል ካለ እሱን እዪ።

እንግሊዝኛ የሚማሩት ውጤት ዝቅ ማለቱም አያስደንግጥሽ። እንግሊዝኛው የጠነከረ ልጅ የቋንቋ ፈተናውን አልፎ ከቡድኑ ይወጣል፣ በቦታው ትናንት የመጣ ልጅ ይገባል። ስለዚህ አስተማሪው የቱንም ያህል ቢለፋ የቡድኑ ቁጥር በቀላሉ ከፍ አይልም። እኔ ራሴ ፊደል ሳታውቅ ተቀብያት፣ በሁለት ዓመት መጽሐፍ ይዛ የምትተኛ ልጅ አይቻለሁ። ያቺ ልጅ ዛሬ እዚያ ቡድን ውስጥ የለችም።

የነፃ ምሳውን ቁጥር ደግሞ በጥንቃቄ እዪው። ከ2014 ጀምሮ ችግረኛ ተማሪ የሚበዛባቸው ትምህርት ቤቶች በመላ አገሪቱ ፎርም ሳያስሞሉ ለሁሉም ልጅ ነፃ ምሳ ማቅረብ ይችላሉ። እዚያ የሐኪም ልጅም ካለ ይበላል፣ ስለዚህ ነፃ ምሳ የበላ ሁሉ ድሀ ነው ማለት አይደለም።

ቁጥር የሚከታተል፦
እኔ ሁለት ነገር ልጨምር። ሦስተኛ ክፍል 40 ልጅ ካለ አንድ ልጅ ብቻውን 2.5 በመቶ ነው። አራት ልጆች የፈተና ቀን ጉንፋን ይዟቸው ቢደክሙ ቁጥሩ በ10 ይወርዳል። ስለዚህ የአንድ ዓመት አይተሽ አትወስኚ፣ ሦስት አራት ዓመት ደርድረሽ እዪ። ሁለተኛ፣ "ጥቁር" በሚለው መስመር ውስጥ ቅድመ አያቶቹ እዚህ የተወለዱ ልጅም አምና ከአዲስ አበባ የመጣም አብረው ተደምረዋል። ያ ቁጥር ስለ አንቺ ልጅ የሚነግርሽ ነገር ትንሽ ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው ከትምህርት የሚቀሩትን ልጆች ብዛት ነው። ከትምህርት ቀኑ 10 በመቶውን የቀረ ልጅ ለብቻ ይቆጠራል፣ 180 ቀን ከሆነ 18 ቀን ማለት ነው። እሱ ከፍ ካለ በውስጡ የሆነ ችግር አለ።

የሁለት ልጆች እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሪፖርት ካርዱን አገኘሁት። እድገቱ ሦስት ዓመት በተከታታይ ከስቴቱ አማካይ በላይ ነው፣ የሚቀሩት ልጆችም ብዙ አይደሉም። ደውዬ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪዎች ስንት ዓመት እንደቆዩ ጠየቅሁ፣ ሁለቱም ከአምስት ዓመት በላይ ናቸው። አስተርጓሚ በስልክ አቀረቡልኝ፣ ስብሰባ ሲኖርም እንደሚያቀርቡ ነገሩኝ። አንድ ነገር ግን ከበደኝ፤ የኢኤስኤል አስተማሪዋ፣ ማለትም ሌላ ቋንቋ ለሚናገሩ ልጆች እንግሊዝኛ የምታስተምረው፣ ለትምህርት ቤቱ በሙሉ አንድ ብቻ ናት። ክፍል ውስጥ የምትውይው፣ አንድ ሰው ለዚህ ሁሉ ልጅ ትበቃለች?

ክፍል ውስጥ የምውል፦
አስተርጓሚው መብትሽ ነው፣ አመሰግናለሁ ብለሽ ብቻ እንዳታልፊው፣ ሁልጊዜ ጠይቂ። ለልጅሽም እርዳታ መስጠት ግዴታቸው ነው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1974 ላው በተባለው ጉዳይ እንግሊዝኛ የማይችሉ ልጆችን ዝም ብሎ ክፍል ማስቀመጥ አይቻልም ብሎ ወስኗል። አንዷ አስተማሪ ግን ትከብዳለች፣ አልዋሽሽም። ስትሄጂ አስተማሪዋ ልጅሽን በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምታገኛት ጠይቂ፣ ከክፍል እያወጣች ነው የምታስተምራት ወይስ እዚያው ገብታ? እያወጣች ከሆነ በየትኛው ሰዓት እንደሆነ በደንብ አስረግጠሽ ጠይቂ። በሒሳብ ሰዓት የምታወጣት ከሆነ እዚያው ሳትወጪ እንዲቀይሩት ንገሪያቸው።

የሁለት ልጆች እናት፦
ሰኞ ጠዋት ቀጠሮ ይዤያለሁ። ባለቤቴም ፈቃድ ጠይቆ አብሮኝ ይመጣል። ይሄን ጥያቄ በወረቀት ጽፌ ነው የምሄደው።