የአባቴን የፊልም ሲዲዎች ልጣላቸው ወይስ ላቆያቸው? «ሁሉም ኢንተርኔት ላይ አለ» እየተባልኩ ነው

ጥያቄ፦ ሰሚራ (ጅማ)

ሰላም እንዴት ናችሁ? አባቴ ሂርማታ መርካቶ አካባቢ ለብዙ ዓመት ቪዲዮ ቤት ነበረው። ፊልም ያከራይ ነበር። ሰው ፊልም በፍላሽና በስልክ ማስጫን ሲጀምር ሥራው ቀዘቀዘ፤ በመጨረሻም ዘጋው። ዕቃው ግን ቤታችን ነው ያለው። በካርቶን ሆኖ ጓዳ ውስጥ ግድግዳ ሥር ተደርድሯል። አብዛኛው የአማርኛ ፊልም ቪሲዲ ነው። የህንድ ፊልም አለ፣ ዲቪዲም አለ። አክስቴ ከአሜሪካ የላከቻቸው ጥቂት ብሉ ሬይ የሚባሉ፣ ከዲቪዲ የጠራ ምስል ያላቸው ዲስኮችም አሉ። እነሱን የሚከፍት ማጫወቻ እስካሁን አላገኘንም።

ክረምት ሳይገባ ጓዳውን ልናድሰው ነው። ወንድሜ «ሁሉም ዩቲዩብና ቴሌግራም ላይ አለ፣ ጣሉት» ይላል። አባቴ ብዙ አይናገርም፤ ግን ካርቶኖቹን ማንም እንዲነካበት አይፈልግም። እኔ መሀል ላይ ነኝ። ከፍቼ ሳይ አንዳንዱ ሲዲ ነጠብጣብ አውጥቷል፣ አንዳንዱ ከላስቲኩ ጋር ተጣብቋል። ማቆየቱ ዋጋ አለው? ካለው ጅማ ዝናብና እርጥበት ውስጥ እንዴት ነው የሚቀመጠው?

ሌላም ጥያቄ አለኝ። አሁን አዲስ የሚወጡ ፊልሞች ብዙዎቹ ኢንተርኔት ላይ ብቻ ናቸው፤ በዲስክ አይወጡም። የወደድኩትን ፊልም የራሴ አድርጌ ማስቀረት የምችልበት መንገድ አለ?

ናቲ ቦሳ

እህቴ፣ እኔ ብሆን ጥቂት የምወዳቸውን አስቀርቼ ሌላውን አስወግዳለሁ። ቤታችን ሰፊ አይደለም፤ ዕቃ ቦታ ይበላል። እኔ ፊልም የማየው በስልክ ነው። የሌሊት ፓኬጅ ገዝቼ አወርዳለሁ፣ ሲመቸኝ አያለሁ። አዲስ ላፕቶፕ ከገዛሽ ደግሞ የሲዲ መክፈቻ እንኳ የለውም። የማይከፈት ዲስክ ማቆየት ምን ይጠቅማል?

ቶፊቅ ጥገና (አጂፕ)

ሰሚራ፣ እባክሽ ገና አትጣይ። መጀመሪያ አንድ ሥራ አለ። የፊልሞቹን ርዕስ ደብተር ላይ ጻፊና አንድ በአንድ ዩቲዩብ ላይ ፈልጊ። ስታገኚ ርዕሱን አይተሽ ብቻ አትለፊ። ከፍተሽ መጀመሪያውን፣ መሀሉንና መጨረሻውን እዪ። ክፍል አንድ ብቻ ተጭኖ ክፍል ሁለት የሌለው ብዙ ነው። በዘፈን የባለቤትነት ጥያቄ ምክንያት መሀል ላይ ድምፁ የጠፋም ታገኛለሽ። ርዕሱ ሌላ፣ ውስጡ ሌላ የሆነም አለ። ደግሞ ዛሬ ያለው ነገ ላይኖር ይችላል፤ የጫነው ሰው ቻናሉን ካጠፋ ፊልሙም አብሮ ይሄዳል።

ያላገኘሻቸውን ለብቻ አስቀምጪ። እነሱ ናቸው ትልቁ ነገር። በቪሲዲ ዘመን ብዙ የአማርኛ ፊልም ወጥቷል። አምራቾቹ ሥራ ቀይረዋል፣ ከአገር የወጡም አሉ። የአንዳንዱ ፊልም ዋና ቅጂ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው የለም። ምናልባት ለሕዝብ የቀረው ቅጂ አንቺ ካርቶን ውስጥ ያለው ሊሆን ይችላል። ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም። ሱቄ መጥተው «ይህን ፊልም የትም አጣነው» የሚሉ ተዋናዮች አጋጥመውኛል፤ የራሳቸውን ፊልም ማለት ነው።

ስለ ዲስኩ ልንገርሽ። ሲዲውን ወደ ብርሃን አድርገሽ እዪው። እንደ መርፌ ቀዳዳ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጥብ ካየሽ የአልሙኒየሙ ንጣፍ መበላት ጀምሯል ማለት ነው። ያ አይጸዳም፣ አይመለስም። ላዩ ላይ ያለ ጭጋግ ወይም ሻጋታ ብቻ ከሆነ ግን ይጸዳል። ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ጥጥ ጨርቅ ከመሀል ወደ ዳር ቀጥ አድርገሽ ጥረጊ። እያዞርሽ አትጥረጊ። አሴቶን ወይም ቤንዚን በፍጹም እንዳይነካው፤ ፕላስቲኩን ያበላሸዋል።

ቪሲዲ ላይ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ሁሉም የሚጠነቀቀው ለሚያብረቀርቀው ጎን ነው። በሲዲና በቪሲዲ ግን መረጃው ያለው ሥዕሉና ጽሑፉ ባለበት ጎን ሥር ነው። እዚያ ያለው መከላከያ ቀጭን ቫርኒሽ ብቻ ነው። ስለዚህ የተጣበቀውን ላስቲክ ጎትተሽ ብትልጪው ፊልሙም አብሮ ይላጣል። ላስቲኩን በመቀስ ዳር ዳሩን ክፈቺና ቀስ ብለሽ አላቅቂ። እምቢ ካለ ተዪውና አምጪልኝ። ዲቪዲ ይሻላል፤ መረጃው በሁለት ፕላስቲክ መሀል ነው ያለው።

የአዌቱ ዳር ሰው

ልጄ ሰሚራ፣ አባትሽን ሳላውቃቸው አልቀርም። ያንን ቪዲዮ ቤት የማያውቅ የመርካቶ ሰው የለም። ቅዳሜ ከገበያ መልስ ፊልም ተከራይተን ነበር የምንገባው።

«ሁሉም ኢንተርኔት ላይ አለ» ለሚሉት ልጆች አንድ ነገር ላስታውስ። በ2012 ክረምት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘግቶ ነበር። በ2015 ደግሞ ከየካቲት እስከ ሐምሌ ዩቲዩብም ቴሌግራምም ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። እኛ ቤት በዚያ ጊዜ ፊልም የታየው ከዲቪዲ ነው። ጎረቤትም እኛ ቤት መጥቶ ያይ ነበር። ኢንተርኔት ጥሩ ነው፣ እኔም እጠቀማለሁ። ግን የሌላ ሰው ቤት ያለ ዕቃ ነው፤ በሩ ሲዘጋ ደጅ እንቀራለን።

አባትሽንም አማክሪያቸው። ካርቶኑን ይዘሽ አጠገባቸው ተቀመጪና ርዕሶቹን አብራችሁ ጻፉ። የትኛው ፊልም ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሠራው እሳቸው ናቸው የሚያውቁት።

ሂሩት (ጅማ ያደግኩ፣ አሁን ውጭ ያለሁ)

ስለ ሁለተኛው ጥያቄሽ እኔ ልመልስ። ዲስክ እሰበስባለሁ፣ ነገሩን በቅርብ ነው የምከታተለው።

እዚህ ያለው ሁኔታ አሳሳቢ ነው። ኔትፍሊክስ ሥራ የጀመረው ዲቪዲ በፖስታ በማከራየት ነበር፤ እንደ ፈረንጆቹ በመስከረም 2023 ያንን አገልግሎት ዘጋው። ቤስት ባይ የሚባለው ትልቅ መደብር በ2024 የፊልም ዲስክ መሸጥ አቁሟል። ሳምሰንግና ኤልጂም የብሉ ሬይ ማጫወቻ መሥራት ትተዋል። ስለዚህ ወንድምሽ ዘመኑ ተቀይሯል ሲል እውነት አለው።

ግን ሌላውን ጎንም እዪ። ዲዝኒ በ2023 ግንቦት «ክሬተር» የተባለ ፊልም በራሱ የኢንተርኔት ማሰራጫ ብቻ አወጣ። ሁለት ወር ሳይሞላው አነሳው። በዲስክ አልወጣም ነበርና ሰው በሕጋዊ መንገድ የሚያይበት ቦታ ለጊዜው ጠፋ፤ በኋላ ነው በኢንተርኔት ለሽያጭ የቀረበው። በዓመታት የተለፋበት ሥራ በአንድ ውሳኔ ከዓይን መሰወሩ ያሳዝነኛል።

አውርጄ አስቀምጠዋለሁ ብትዪም አይሆንም። በእነዚህ ማሰራጫዎች መተግበሪያ ውስጥ የምታወርጂው ፊልም የጊዜ ገደብ አለው። ክፍያሽን ስታቆሚ አይከፈትም። «ግዢ» የሚል ቁልፍ ተጭነሽ የገዛሽው እንኳ ፈቃድ እንጂ ንብረት አይደለም። የካሊፎርኒያ ግዛት ይህን ሻጮች ለገዢው በግልጽ እንዲነግሩ የሚያስገድድ ሕግ አውጥቶ ከጥር 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል።

ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ብቻ ያለ ፊልም በእጅሽ የሚገባው ባለቤቱ በዲስክ ሊያወጣው ሲወስን ነው። አንዳንዴ ይወስናል። የኔትፍሊክስ የነበሩት «ሮማ» እና «ዘ አይሪሽማን» ቆይተው በ2020 ክራይቴሪየን በሚባል ድርጅት በዲስክ ወጥተዋል። የምትወጂውን ፊልም ስም ያዢና በየጊዜው ጠይቂ።

ለአማርኛ ፊልም ግን ሌላ መንገድ አለ ብዬ አምናለሁ። እኛ ጋ አምራቹ ሩቅ አይደለም። ጻፉለት። «በፍላሽ ወይም በዲቪዲ ብትሸጥልን እንገዛለን» በሉት። ገዢ እንዳለ ካላወቀ ለምን ይደክማል?

የአክስትሽን ብሉ ሬዮች በተመለከተ፣ ዲቪዲ ማጫወቻ አያነባቸውም። ሌዘሩ ይለያል፤ የዲቪዲው ቀይ ነው፣ የብሉ ሬዩ ሰማያዊ-ሐምራዊ ነው። አንዳንዱ ዲስክ ደግሞ በአካባቢ የተቆለፈ ነው፤ የሌላ አካባቢ ማጫወቻ አይከፍተውም። አሜሪካ «ኤ» ናት፣ አፍሪካና አውሮፓ «ቢ» ናቸው። ብዙው ግን ቁልፍ የለውም። በዲቪዲ ደግሞ አሜሪካ 1፣ ኢትዮጵያ 5 ናት።

ቶፊቅ ጥገና (አጂፕ)

ሂሩት ጥሩ ብለሻል። ሰሚራ፣ ብሉ ሬዩን ለመሞከር ማጫወቻ መግዛት የለብሽም። ፕሌይስቴሽን 4 ይከፍተዋል። ሰፈርሽ ያለ ጌም ቤት ጠይቂ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ኢንተርኔት ይፈልግ ይሆናል። ባለ 4ኬ (ከተራው ብሉ ሬይ የበለጠ የጠራ) ዲስክ ከሆነ ግን ፕሌይስቴሽን 5፣ ያውም ዲስክ የሚያስገባው ዓይነት ያስፈልጋል። ሲዲና ቪሲዲ ግን ሁለቱም አይከፍቱም፤ አትድከሚ።

ሰሚራ (ጅማ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግኩ። አባቴ ርዕሶቹን እየነገረኝ እኔ ጻፍኩ። ገና የመጀመሪያው ካርቶን ላይ ነን፤ ግን ዩቲዩብ ላይ ጨርሶ ያላገኘናቸው አሉ። ወንድሜም አሁን «እንገልብጣቸው» እያለ ነው።

ወደ ሀርድ ዲስክ እንዴት ነው የሚገለበጠው? ምን ያህል ቦታ ይፈጃል? ደግሞ መገልበጡ በሕግ አያስጠይቅም?

መሠረት (ጠበቃ)

የሕጉን እኔ ልመልስ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ታትሞ የወጣን ሥራ አንድ ግለሰብ ለግል ጥቅሙ ብቻ በአንድ ቅጂ እንዲያባዛ ይፈቅዳል። ቤታችሁ ያለውን ኦሪጅናል ፊልም ለራሳችሁ ገልብጣችሁ ብታስቀምጡ የሚያሰጋ አይደለም። ፍላሽ ላይ እየጫኑ መሸጥ፣ ቴሌግራም ላይ መልቀቅ፣ ዩቲዩብ ላይ መጫን ግን የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል። «የትም የለም» ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ያላገኛችሁትን ፊልም አምራች ብታውቁ ደውሉለት። «ቅጂው እኛ ጋ አለ» ስትሉት ደስ የሚለው ይመስለኛል።

ቶፊቅ ጥገና (አጂፕ)

በዩኤስቢ የሚሰካ የዲቪዲ መክፈቻ ይሸጣል። እሱን ከላፕቶፑ ጋር አገናኚው። ቪሲዲውን ስታስገቢ ብዙ ፎልደር ታያለሽ። ፊልሙ ያለው «ኤምፔግ ኤቪ» (MPEGAV) በሚለው ውስጥ ነው፤ መጨረሻው «ዳት» (.DAT) የሚል ትልቅ ፋይል ነው። እሱን ኮፒ አድርጊ። ቪኤልሲ የሚባለው የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም ይከፍተዋል። ስሙን ወዲያው ቀይሪው፤ የሁሉም ቪሲዲ ፋይል ስም አንድ ዓይነት ስለሆነ አንዱ ሌላውን ይደመስሰዋል። የፊልሙን ርዕስና ክፍል 1፣ ክፍል 2 እያልሽ ጻፊበት።

ስለ ቦታ አትጨነቂ። አንድ ሲዲ ከ800 ሜጋባይት ብዙም አይበልጥም። ተራ ዲቪዲ ቢሞላ 4.7 ጊጋባይት ነው። ስለዚህ 1 ቴራባይት ሀርድ ዲስክ የሞሉ ዲቪዲዎችን ከ200 በላይ ይይዛል፤ ቪሲዲማ ከ1,000 ያልፋል። ግን አንድ ሀርድ ዲስክ አይበቃም። እሱም ይወድቃል፣ ይቃጠላል። ሁለት ይሁኑ፣ ሁለተኛው ሌላ ቤት ይቀመጥ።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ከታች አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ መልክ ያላቸውን አስቀድሚ። እነሱ በኮምፒውተር የተቀዱ ናቸው። የተጻፉት በቀለም ላይ ስለሆነ በፀሐይና በሙቀት ቶሎ ይደበዝዛሉ። ከዚያ ነጥብ ያወጡት ይቀጥሉ። ብርማ መልክ ያላቸው የፋብሪካ ዲስኮች በአብዛኛው ይታገሳሉ።

ዲስኮቹን ደግሞ ከግድግዳው ሥር አንሺ። የጅማን ክረምት ታውቂዋለሽ፤ ወለልና ግድግዳው ውኃ ይስባል። ከወለል ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ፣ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ፣ በጠንካራ መያዣ ውስጥ ቀጥ ብለው ይቁሙ። ከጫማና ከመድኃኒት ካርቶን የምታገኚያቸውን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች አብረሽ ክተቺ። በየጊዜው መቀየር አለባቸው።

ሰሚራ (ጅማ)

ወንድም ቶፊቅ፣ ጀምረናል። ብዙው እሺ ብሎ ገብቷል። አንዳንዱ ግን ግማሽ ሲደርስ ይቆማል፣ ከዚያ ስህተት ይላል። እነሱን ተስፋ እንቁረጥ?

ቶፊቅ ጥገና (አጂፕ)

አይ፣ ገና ነው። ቪሲዲ ብዙ ምስል እንዲይዝ ተብሎ ተራ የዳታ ሲዲ ካለው የስህተት ማረሚያ (በጭረት የጠፋውን ለመሙላት የሚጻፍ ተጨማሪ መረጃ) የተወሰነው ተቀንሶበታል። ስለዚህ ኮምፒውተር በትንሽ ጭረት ይቆማል። ዲስኩን አጽድተሽ በሌላ መክፈቻ ሞክሪ፤ አንዱ ያልቻለውን ሌላው ያነበዋል። ያም ካልሆነ የአባትሽ የድሮ ማጫወቻ አለ አይደል? እሱ ጭረት ላይ ትንሽ ተንተባትቦም ቢሆን ያልፋል። ከኋላው ያሉትን ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመዶች ወደ ዩኤስቢ በምትቀይር ትንሽ ዕቃ ከላፕቶፑ ጋር አገናኚና ፊልሙ እየታየ ይቀዳ። ጊዜ ይወስዳል፤ ፊልሙ ሙሉውን መታየት አለበት። የጥራቱ ጉዳይ አያሳስብሽ። ቪሲዲ ከመጀመሪያውም ምስሉ 352 በ288 ነጥብ (ፒክሰል) ብቻ ነው፤ ብዙ የምታጪው የለም። ዕቃዋ ከሌለሽ እኔ ጋ አለች፤ መጥተሽ ውሰጂና ስትጨርሺ መልሺልኝ።