ሕገ መንግሥቱን ማን ይተርጉም? ከጎንደር የቡና ክርክር የቀጠለ

ከፒያሳ፦
ሰላም ቤተሰብ። ትናንት በረካው ወርዶም ያላለቀውን ክርክር እዚሁ እንጨርሰው። ላልነበራችሁት ነገሩ ይህ ነው። አንድ ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ተጋጨ ከተባለ፣ በእኛ አገር የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ፍርድ ቤት አይደለም። አንቀጽ 62 እና 83 ይህን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጥተዋል። ጉዳዩን መጀመሪያ የሚያየው 11 አባላት ያሉት አጣሪ ጉባኤ ነው፤ ሰብሳቢው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ናቸው። ታዲያ እንዲህ ይቀጥል ወይስ ለዳኞች ይሰጥ? እኔ ለዳኞች ባይ ነኝ። ፖለቲከኛ ራሱ ያወጣውን ሕግ ራሱ ሲዳኝ አይጥመኝም።

ከማራኪ፦
እርማት አለኝ። ሕግ የሚያወጣው የተወካዮች ምክር ቤት ነው። ፌዴሬሽኑ ሌላ ቤት ነው። ደግሞ ዝም ብሎ የተሰጠው አይደለም። ሕገ መንግሥቱ የሚጀምረው «እኛ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች» ብሎ ነው። ውል ነው። ውሉ ላይ ጭቅጭቅ ሲነሳ የሚፈቱት ተዋዋዮቹ ናቸው። በአንቀጽ 61 እያንዳንዱ ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ ወንበር አለው፤ ለየአንድ ሚሊዮን ሕዝብ ደግሞ አንድ ይጨመራል። አዲስ አበባ የተቀመጡ ጥቂት ዳኞች ስለ አንድ ትንሽ ብሔረሰብ ዕጣ ቢወስኑ ማን ያምናቸዋል?

ከፒያሳ፦
እርማቱን ተቀብያለሁ። ቤቱ ሌላ ነው፣ ፓርቲው ግን አንድ።

ከሳሙና በር፦
«ውል» ስትሉ 2012 ትዝ አለኝ። በኮሮና ምክንያት ምርጫው ሲቀር የሥልጣን ዘመን ነገር ለትርጉም ተላከ። ባለሙያዎቹ በቴሌቪዥን ሲከራከሩ ቤተሰቡ ሁሉ እንደ ድራማ ነበር ያየው፤ አባቴ ድምፁን ቀንሱ እንኳ አላለም። ሰኔ 3 ቀን የፌዴሬሽን ምክር ቤቱ ምርጫው ይራዘም አለ። የራሱንም ዕድሜ ጭምር አራዘመ ማለት ነው። አፈ ጉባኤዋ ወይዘሮ ኬሪያ ኢብራሂም ከዚያ ጥቂት ቀናት ቀደም ብለው ሥልጣን ለቀው ነበር። ማራኪ፣ በየትኛው ውል ነው ተዋዋይ የራሱን ጊዜ ራሱ የሚያራዝመው?

የወልቃይትስ ነገር? የማንነት ጥያቄ ያነሳው ኮሚቴ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት አቤት ሲል «መጀመሪያ ክልላችሁን ጠይቁ» ተባለ። ክልሉ ያን ጊዜ ትግራይ ነው። አንቀጽ 48 የወሰን ጉዳይ ለምክር ቤቱ ከቀረበ በሁለት ዓመት ይወሰን ይላል፤ እኛ ግን ገና «ቀረበ አልቀረበም» የሚለውን አላለፍንም ነበር። በዚሁ ጥያቄ የተነሳ በሐምሌ 2008 ከተማችን ጎንደር በተቃውሞ ምን እንደሆነች ለእናንተ አልነግራችሁም።

ከማራኪ፦
እሺ፣ ወልቃይትን ዳኛ ይፍረድ ብትባይ ትቀበያለሽ? ፍርዱ ባይጥምሽስ? እኔ የምፈራው ይህንኑ ነው። እንዲህ ያለ ጉዳይ ችሎት ከገባ ችሎቱም ፖለቲካ ይሆናል።

ከሳሙና በር፦
ቢያንስ ምክንያቱን ጽፎ ይሰጠኛል።

ከአዘዞ፦
ጠበቃ ስለሆንኩ ወደ ችሎት ልመልሳችሁ። አንዲት ባሏ የሞተባት እናት በመሬት ክርክር ወከለችኝ። አንቀጽ 35ን ጠቀስኩ፤ ሴት ከወንድ እኩል መሬት የመጠቀምና የማስተዳደር መብት አላት የሚለውን። ትንሿን የሕገ መንግሥት መጽሐፍ ይዣለሁ፤ ግራው አማርኛ፣ ቀኙ እንግሊዝኛ፣ ያቺ ገጽ ከመገለጥ ብዛት እንደ ጨርቅ ለስልሳለች። ዳኛዋ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ጠበቃ፣ ሕገ መንግሥት መተርጎም የዚህ ችሎት ሥልጣን አይደለም። አጣሪ ጉባኤ ይሂዱ።» ስንወጣ እናትየዋ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አዲስ አበባ በስንት ብር ይኬዳል?»

ለእኔ ዋናው በሽታ እዚህ ላይ ነው። እኔ ሕግ ይሻር አላልኩም። የተጻፈ መብት ይፈጸምልኝ ነው ያልኩት። አንቀጽ 13 በየትኛውም ደረጃ ያለ የዳኝነት አካል የምዕራፍ ሦስትን መብቶች የማክበርና የማስከበር ኃላፊነትና ግዴታ አለበት ይላል። በ2013 የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ውሳኔን መሠረታዊ የሕግ ስህተት ብሎታል። የሕግ ስህተት የሚያርመው የመጨረሻው ችሎት፣ ሰበር፣ ሊያርመው ይችላል። ለመሬት ጥያቄ የሕገ መንግሥት ማሻሻያውን አንቀጽ 105ን አንጠብቅም። በዚያ በኩል አንቀጽ 62ን ለማሻሻል የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ በላዩ ላይ ደግሞ የክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ያስፈልጋል። እስከዚያ እናትየዋ ትሞታለች።

ፍርድ ቤቶች ሲፈልጉ እኮ ይችላሉ። በ2013 ምርጫ ቦርድ እስር ቤት ያሉ የባልደራስ ፓርቲ ዕጩዎችን አልመዘግብም አለ። ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለቦርዱ ፈረደ። ሰበር ገልብጦ «መዝግብ» አለው። ቦርዱ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ታትሟል ብሎ አንገራገረ፣ በኋላ መዘገበ።

ከአራዳ፦
ልጆቼ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ ጣቴ ቀርፋፋ ነው፣ ታገሡኝ። በ1993 ነው። አንዲት ወጣት ዳኛ የቀድሞውን መከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃን በዋስ ይለቀቁ አሉ። ፖሊስ ወዲያው መልሶ ያዛቸው። ብዙ ሳይቆይ በሙስና የተጠረጠረ ዋስ አያገኝም የሚል ሕግ ወጣ። ዳኛዋ የዋስ መብትን የሚሰጠውን አንቀጽ 19ን በትክክል አንብበዋል። ምን ጠቀመ?

እኚያ ዳኛ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ናቸው። አዘዞ በጠቀስከው በ2013ቱ ጉዳይ ቦርዱን ይመሩ የነበሩትም እሳቸው ናቸው። አንገራግረው እንኳ የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ ፈጸሙ። እኔ ያደግሁት ሁለት ሰው ሲደባደብ «በሕግ አምላክ!» ሲባል ዱላ ወደ መሬት በሚወርድበት ዘመን ነው። ሥልጣኑን ለዳኛ ስጡ፣ ለምክር ቤት ስጡ፣ ዱላውን የያዘው ካላወረደው ግን ያው ነው።

ከማራኪ፦
ጋሼ፣ ይህ የእኔን ክርክር ይደግፋል ልበል?

ከአራዳ፦
አይደግፍም። የፒያሳንም አይደግፍም።

ከፒያሳ፦
😂 ጋሼ ሁለታችንንም አፈር አበሉን። አዘዞ፣ የእናትየዋ ነገር ምን ላይ ደረሰ?

ከአዘዞ፦
ሐሙስ 3 ሰዓት ቀጠሮ አለን። ያቺ ዳኛ ተዛውረዋል፣ አዲሱን አላውቃቸውም። በአንቀጽ 13 ልጀምር አስቤያለሁ፣ 35ን ከዚያ በኋላ አነሳለሁ። እናትየዋ ከገጠር ረቡዕ ትገባለች፤ ማደሪያ የሚሰጣት ሰው ካለ በውስጥ ጻፉልኝ።

ከሳሙና በር፦
እኛ ቤት ትደር። ውሃ ግን የለም፣ ከአሁኑ ንገራት።